ንዝረትን የሚያረግቡ ናኖ ሽፋኖች በብረት መቁረጫ መሣሪያዎች ላይ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«ናኖ ሽፋን ያለው መሣሪያ ንዝረት ይቀንሳል» የሚለው አባባል በሻጭም በገዢም ዘንድ ይዘወተራል። አባባሉ ግማሽ እውነት ነው፤ ይህ ግማሽ እውነት ግን ብዙ ሰው ገንዘቡን ያለቦታው እንዲያወጣ ያደርገዋል። ከዚህ በታች የቀረቡት ጥያቄዎች የቶርኖ ባለሙያዎች፣ የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎችና የምህንድስና ተመራቂዎች አዘውትረው የሚያነሷቸው ናቸው።

መቁረጫ መሣሪያ ለምን ይነዝራል?

ምንም ያህል ወፍራም ቢሆን ኃይል ያረፈበት ብረት ሁሉ ጥቂት ይታጠፋል። መሣሪያው ሲቆርጥ በትንሹ ታጥፎ ሲመለስ በሚሠራው ብረት ላይ ለዓይን የማይታይ ሞገድ ይተዋል። ብረቱ አንድ ዙር ዞሮ ሲመጣ መሣሪያው የሚያገኘው ለስላሳ ገጽ ሳይሆን ያንኑ ሞገድ ነው። ሞገዱ ከፍ ባለበት ቦታ ፍቅፋቂው፣ ማለትም ከብረቱ ተቆርጦ የሚወጣው ስስ ቁራጭ፣ ይወፍራል፣ ኃይሉ ይጨምራል፤ ዝቅ ባለበት ቦታ ይሳሳል፣ ኃይሉ ይቀንሳል። ኃይሉ ሲወጣና ሲወርድ መሣሪያውን መልሶ ይነቀንቀዋል፤ የመሣሪያው ንቅናቄም ለሚቀጥለው ዙር የባሰ ሞገድ ያወርሳል። ንዝረቱ ራሱን በራሱ የሚመግበው በዚህ መንገድ ነው። ውጤቱን ሠራተኛው ጆሮ በሚበጣ ጩኸትና ብረቱ ላይ በሚቀር ሰንበር ያውቀዋል።

አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1907 ባሳተመው ጥናቱ፣ ብረት ቆራጩ ከሚገጥሙት ችግሮች ሁሉ ይህን የመሰለ ስውር ችግር እንደሌለ ጽፎ ነበር። ከላይ የተገለጸው አሠራር ግልጽ ሆኖ በሒሳብ የተቀመጠው ደግሞ ከእሱ ብዙ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ በተመራማሪዎቹ በቶቢያስና በትሉስቲ ሥራዎች ነው።

የእኔ ማሽን ንዝረት ይህ ዓይነቱ ይሁን ሌላ በምን አውቃለሁ?

ይህን ሳይለዩ ስለ ሽፋን ማሰብ ከንቱ ድካም ነው። መጀመሪያ መሣሪያውን ከብረቱ አርቀው ማሽኑን ባዶውን ያዙሩት። ሳይቆርጥም የሚነዝር ከሆነ ችግሩ ያለው ኩሽኔታው፣ ጥርሱ፣ ቺንጋው ወይም ሚዛን ያልጠበቀው ቻክ ላይ ነው። ማንኛውም ሽፋን ይህን አያድነውም።

ሲቆርጥ ብቻ የሚጮህ ከሆነ የዙር ፍጥነቱን አንድ አምስተኛ ያህል ዝቅ ያድርጉና ጩኸቱን ያዳምጡ። የድምፁ ቅጥነት ከዙሩ ጋር አብሮ ከወረደ፣ ንዝረቱን የሚፈጥረው የሚዞር አካል ነው። ዙሩ ተቀይሮ ቅጥነቱ እምብዛም ካልተቀየረ ግን መሣሪያው በራሱ የተፈጥሮ ድግግሞሽ (ሲመታ በሰከንድ ራሱ በሚነዝረው ብዛት) እየጮኸ ነው፤ ይህ ጽሑፍ የሚመለከተውም እሱን ነው።

ሰንበሩም ይናገራል። በደቂቃ 120 ሜትር ፍጥነት ሲቆርጡ በሰከንድ 2 ሜትር ማለት ነው። በሰንበሮቹ መካከል ያለውን ርቀት በካሊፐር ለክተው 2.5 ሚሊሜትር ካገኙ፣ 2 ሜትርን ለ2.5 ሚሊሜትር ሲያካፍሉ መሣሪያው በሰከንድ 800 ጊዜ ይነዝር እንደነበር ይደርሱበታል። በእጅ ስልክ ላይ የሚጫኑ የድምፅ ድግግሞሽ ማሳያ መተግበሪያዎችም ተመሳሳይ ቁጥር ይሰጣሉ። ሁለቱን አነጻጽሮ ሲገጥሙ ማየት ለተማሪ ከአንድ ምዕራፍ ንባብ ይበልጣል።

«ናኖ ሽፋን» ሲባል የትኛው ሽፋን ነው?

ግራ መጋባቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ።

አንደኛው የሚቆርጠው ጫፍ ላይ፣ ማለትም ኢንሰርቱ (ሲያልቅ የሚቀየረው ትንሹ መቁረጫ ስለት) ወይም መሰርሰሪያው ላይ ያለው ጠንካራ ሽፋን ነው። ወርቃማው ቲታኒየም ናይትራይድና ጠቆር ያለው ቲታኒየም አሉሚኒየም ናይትራይድ ከዚህ ወገን ናቸው። ውፍረታቸው አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር ሺህኛ) ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ተመራማሪዎቹ ቬፕሬክና ራይፕሪክ ያቀረቡት ሐሳብ እዚህ ላይ አዲስ ምዕራፍ ከፍቷል፦ ጥቂት ናኖሜትር (የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ) ብቻ የሚሆኑ የናይትራይድ ክሪስታሎች በቀጭን የሲሊከን ናይትራይድ ልባስ ሲከበቡ ሽፋኑ እጅግ ይጠነክራል። የዚህ ሽፋን ተግባር መበላትንና ሙቀትን መቋቋም ነው።

ሁለተኛው የመሣሪያው ግንድ ላይ፣ መያዣው በሚጨብጠው ስፍራ የሚደረግ ወፍራም ሽፋን ነው። ፍቅፋቂ አይነካውም፤ ምንም አይቆርጥም። ተግባሩ የንዝረቱን ጉልበት ወደ ሙቀት መለወጥ ብቻ ነው። ንዝረትን በቀጥታ የሚያረግበው ይኸኛው ነው።

ታዲያ ኢንሰርቱ ላይ ያለው ሽፋን ንዝረት አይቀንስም ማለት ነው?

በቀጥታ አይቀንስም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ አንድ ንጣፍ ጉልበት የሚመጠው ራሱ ሲለጠጥና ሲጨመቅ ነው። ኢንሰርት ላይ ያለች የ3 ማይክሮሜትር ንጣፍ መሣሪያው ሲታጠፍ ከሚከማቸው ጉልበት የሚደርሳት ኢምንት ነው። ያልደረሳትን ልታጠፋ አትችልም።

በተዘዋዋሪ ግን ትረዳለች። ሰበቃን ትቀንሳለች፤ ስለቱ ቶሎ እንዳይደነዝዝና የመቁረጫው ኃይል ከሰዓት ወደ ሰዓት እንዳይንር ታደርጋለች። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሽፋን ሲወፍር ስለቱን ያዶለዱማል። በተለይ በከፍተኛ ሙቀት በኬሚካላዊ ትነት የሚለበዱት ወፍራም ሽፋኖች ስለቱ አስቀድሞ በትንሹ እንዲከብ ይጠይቃሉ። በቀጭን ቦሪንግ ባር (ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ቀዳዳውን በሚያሰፋ መቁረጫ ዘንግ) 0.2 ሚሊሜትር ብቻ ለማንሳት ሲሞክሩ እንዲህ ያለው ስለት ብረቱን ከመቁረጥ ይልቅ ይገፋዋል፤ ግፊቱም ባሩን ያጥፈዋል። ስለዚህ «ሽፋኑ የበዛው ይሻላል» ብሎ ውዱን ኢንሰርት የገዛ ሰው በዚህ ሥራ ላይ ንዝረት ሊጨምር ይችላል። ለቀጭን ባር ስለታምና ስስ ሽፋን ያለው ኢንሰርት ነው የሚመረጠው።

ንዝረት የሚያረግበው ሽፋን ከምን ይሠራል?

በሰፊው ከተጠኑት አንዱ ካርቦንና ናይትሮጅን የተዋሃዱበት ሽፋን ነው። በስቶክሆልም የሚገኘው የስዊድን ንጉሣዊ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ይህን ሽፋን በቦሪንግ ባርና በሌሎች መሣሪያዎች መጋጠሚያ ላይ ሞክረውታል። ካርቦኑን ከመዳብ ጋር በናኖ ደረጃ ያዋሃዱባቸው ሥራዎችም አሉ።

አሠራሩ በጥቅሉ ይህን ይመስላል። ባሩ ሁሉንም የቅባት ርዝራዥ እስኪለቅ ከታጠበ በኋላ አየሩ ተመጥጦ በወጣበት ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። አርጎን፣ ናይትሮጅንና አሲቲሊን ጋዝ በጥቂቱ ይገባሉ፤ አሲቲሊኑ በጋዝ ብየዳ የምናውቀው ያው ጋዝ ነው። ከዚያ ኤሌክትሪክ ሳይቋረጥ እንዲፈስ ከማድረግ ይልቅ በማይክሮሰከንድ በሚለካ አጭርና እጅግ ኃይለኛ ምት ይለቀቃል። ጋዙ ወደ ፕላዝማ (ኤሌክትሪክ ወደሚያስተላልፍ የጋለ ጋዝ) ተለውጦ ካርቦኑ በብረቱ ላይ እያረፈ ይገነባል። ይህን የምት ዘዴ ኩዝኔትሶቭና ባልደረቦቹ በስዊድን ሊንሾፒንግ ለዓለም ያስተዋወቁት እ.ኤ.አ. በ1999 ነው።

የሚገኘው ሽፋን እንደ ኢንሰርት ሽፋን ድፍን ግንብ አይደለም። በጣም ጥቃቅን የካርቦን ክምችቶች እርስ በርስ ተጠጋግተው፣ በመካከላቸውም ደካማ ድንበርና ባዶ ቦታ ቀርቶ የሚቆሙበት መዋቅር ነው። ንዝረቱ ሲመጣ ክምችቶቹ በድንበራቸው ላይ ይፋተጋሉ፤ ጉልበቱም ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። «ናኖ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ትርጉም የሚያገኘው በውፍረቱ አይደለም፤ ሽፋኑ በመቶዎች የሚቆጠር ማይክሮሜትር ሊወፍር ይችላል። ናኖ የሆነው የውስጥ መዋቅሩ ነው። ክምችቶቹ ባነሱ ቁጥር ድንበሩ ይበዛል፣ ድንበሩ በበዛ ቁጥር ደግሞ ጉልበት የሚጠፋበት ቦታ ይበዛል።

ለምን መያዣው ጋ? ጫፉ ጋ ቢሆን አይሻልም?

ባሩ በአንድ ጫፉ ተይዞ በሌላው ሲገፋ ከፍተኛው የመታጠፍ ጫና የሚያርፈው መያዣው አፍ ላይ ነው። በዚያ ላይ ከባሩ ወደ ማሽኑ የሚሄደው ኃይል ሁሉ በዚያች መጋጠሚያ ያልፋል። ብረት ብቻውን ንዝረት የማርገብ አቅሙ በጣም አነስተኛ ነው፤ አንድ የብረት ዘንግ በክር አንጠልጥለው ቢመቱት ለረጅም ጊዜ የሚደውለው ለዚህ ነው። በተገጣጠመ ማሽን ውስጥ ንዝረት የሚረግበው በዋናነት በመጋጠሚያዎቹ ነው። ሽፋኑ ይህንኑ ተፈጥሮ ተጠቅሞ መጋጠሚያውን ያጎለብታል።

ላስቲክ ወይም ፕላስቲክ ብናስገባስ? ርካሽ ነው።

ያረግባል፣ ነገር ግን ያላላል። ላስቲክ ከብረት ጋር ሲነጻጸር ግትርነቱ፣ ማለትም ላለመታጠፍና ላለመጨመቅ ያለው አቅም፣ በሺዎች እጥፍ ያንሳል፤ ሲሞቅ ይለሰልሳል፤ ለረጅም ጊዜ ተጨምቆ ሲቆይ ቅርጹን ይለቃል፤ የማቀዝቀዣ ፈሳሹም ይበላዋል። ጠዋት የተስተካከለው ልኬት ከሰዓት በኋላ ተዛንፎ ይገኛል። ለሸካራ ሥራ በጣም ስስ የሆነ ንጣፍ ሞክረው የተጠቀሙ አሉ፤ ለኩሽኔታ ቤት ወይም ለፓምፕ ሲሊንደር ግን አልመክረውም።

ናኖ ሽፋኑስ መሣሪያውን አያላላውም?

ጥቂት ያላላዋል፤ ይህን የሚደብቅ ሻጭ ካጋጠመዎት ይጠንቀቁ። ትክክለኛው ጥያቄ ግን «ግትርነቱ ቀነሰ ወይ?» የሚል አይደለም። ሳይጮህ ሊቆረጥ የሚችለው ትልቁ ጥልቀት የሚወሰነው ግትርነቱ ከማርገብ አቅሙ ጋር ሲባዛ በሚገኘው ውጤት ነው። ከሁለቱ አንዱ ብቻውን አይወስንም።

ለሒሳቡ ያህል አንድ ባር የማርገብ ምጥነቱ (ንዝረትን የማርገብ አቅሙን የሚገልጸው ቁጥር) 1 በመቶ ነው እንበል። ሽፋኑ ወደ 3 በመቶ አሳደገው፣ ግትርነቱን ግን በ20 በመቶ ቀነሰው። 3 በ0.8 ሲባዛ 2.4 ይሆናል። ቀድሞ በ0.5 ሚሊሜትር ጥልቀት ይጮህ የነበረው ባር አሁን እስከ 1.2 ሚሊሜትር በጸጥታ ይቆርጣል ማለት ነው። ምጥነቱ ወደ 1.2 በመቶ ብቻ አድጎ ግትርነቱ በዚያው 20 በመቶ ቢቀንስ ግን ከቀድሞው የባሰ መሣሪያ ነው የተገዛው፤ 1.2 በ0.8 ሲባዛ ከ1 በታች ነውና። የላስቲክ ችግርም ያው ነው፦ በአንዱ እጅ የሰጠውን በሌላው ይወስዳል። የናኖ ሽፋኑ ብልሃት ያን ያህል ሳያላላ ማርገቡ ላይ ነው።

የዙር ፍጥነት በመምረጥ ብቻ ከጩኸቱ ማምለጥ አይቻልም?

በሚሊንግ፣ ማለትም ብረቱ ሳይሆን መቁረጫው በሚዞርበት ሥራ፣ ብዙ ጊዜ ይቻላል። በሰከንድ 800 ጊዜ ለሚነዝርና 4 ጥርስ ላለው መቁረጫ በደቂቃ 12,000 ዙር ሲሽከረከር የጥርሶቹ ምትና የመሣሪያው ንዝረት ይጣጣማሉ፤ ሞገዱ እርስ በርሱ ስለሚገጥም የፍቅፋቂው ውፍረት አይለዋወጥም። ፈጣን ማሽን ያለው ሰው ይህን ይጠቀምበታል። በቶርኖ ላይ ግን አንድ ስለት ብቻ ስላለ ያው ስሌት በደቂቃ 48,000 ዙር ይጠይቃል፤ የትኛውም ቶርኖ አይደርስበትም። ዙሩን በጣም ዝቅ ማድረግ ሌላ እፎይታ አለው፤ የስለቱ ጎን ከሞገዱ ጋር እየተፋተገ ንዝረቱን ይይዘዋል። ዋጋው ጊዜ ነው። ስለዚህ በቶርኖ ለሚቦር ሰው የማርገብ አቅምን ማሳደግ ከቀሩት ጥቂት መንገዶች አንዱ ነው።

በገበያ ካሉት ንዝረት ተከላካይ ባሮች በምን ይለያል?

የታወቁት ባሮች ውስጣቸው ክፍት ሆኖ በውስጡ ከባድ ክብደት በላስቲክ ቀለበቶች ላይ ተንሳፎ፣ ዙሪያውን በዘይት ተከቦ ይቀመጣል። ባሩ ሲነዝር ክብደቱ በተቃራኒው ይወዛወዛል። በኖርዌይ ትሮንዳሄም የዳበረውና ዛሬ በሳንድቪክ ኮሮማንት ስም የሚሸጠው «ሳይለንት ቱልስ» የዚህ ዋነኛ ምሳሌ ነው። በጣም ረጅም ለሆነ ሥራ እስካሁን የሚወዳደረው ጥቂት ነው፦ ተራ የብረት ባር ከመያዣው ወጥቶ እስከ ውፍረቱ 4 እጥፍ ርዝመት፣ ካርባይድ (ከብረት የሚጠነክር የተንግስተን ውህድ) እስከ 6 እጥፍ ሲያገለግል፣ እነዚህ 10 እጥፍና ከዚያ በላይ ይሄዳሉ።

ይሁን እንጂ ክብደቱ ለተወሰነ ድግግሞሽ የተቃኘ ነው፤ ቀጭን ባር ውስጥ ደግሞ ቦታ የለውም። ሽፋን መቃኘት አይፈልግም፣ በሰፊ የድግግሞሽ ክልል ይሠራል፣ የባሩንም ሆድ አይነካም። እኔ የሽፋኑን ትልቁን ተስፋ የማየው ክብደት በማይገባባቸው ቀጫጭን ባሮች ላይ ነው።

ራሴ በቶርኖ ቤቴ መቀባት እችላለሁ?

አይቻልም። የአየር ማስወገጃ ክፍልና የፕላዝማ ኃይል ምንጭ ይጠይቃል። በጣሳ ተሞልቶ «ናኖ» ተብሎ የሚሸጥ የሚረጭ ቀለም ከዚህ ጋር ምንም ዝምድና የለውም።

ሽፋኑ ባይኖረኝ ዛሬ ምን ላድርግ?

ብዙ ማድረግ ይችላሉ፤ ሽፋን የሚገዛም ሰው ቢሆን አስቀድሞ እነዚህን ማሟላት አለበት። አንደኛው፣ ባሩ ከመያዣው ወጥቶ የሚቆርጥበትን ርዝመት ማሳጠር ነው። ግትርነት በርዝመቱ ሦስተኛ ርቢ (ርዝመቱ ሦስት ጊዜ እርስ በርሱ ተባዝቶ) ልክ ይወርዳል። 20 ሚሊሜትር ውፍረት ያለውን ባር ከ80 ወደ 120 ሚሊሜትር ቢያወጡት ግትርነቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ይወድቃል። ቀዳዳው 85 ሚሊሜትር ሆኖ ሳለ «ለሁሉም እንዲሆን» ተብሎ 120 ላይ የታሰረ ባር በየቶርኖ ቤቱ ያጋጥማል፤ ያን ብሎን ፈትቶ ባሩን መመለስ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ውፍረቱም እንዲሁ ነው። ቀዳዳው ከፈቀደ ከ20 ወደ 25 ሚሊሜትር መሸጋገር ግትርነቱን ወደ 2.4 እጥፍ ያደርሰዋል፤ ውፍረት በአራተኛ ርቢ ነው የሚቆጠረው። ካርባይድ ግንድ ደግሞ ከተራ ብረት ሦስት እጥፍ ገደማ የሚበልጥ ግትርነት አለው።

አጨባበጡን ችላ አይበሉ። ሁለት ብሎን ብቻ ከላይ ሲጫነው ባሩ መያዣውን የሚነካው በጠባብ መስመር ነው። በልኩ የተበሳና በአንድ ጎኑ የተሰነጠቀ ቡሽ (የብረት እጅጌ) ውስጥ ገብቶ ሲጨበጥ ግን ዙሪያውን ይያዛል። የሚጨበጠው ርዝመት የባሩ ውፍረት ሦስት ወይም አራት እጥፍ ቢሆን ይመረጣል። ይህን ቡሽ ማንኛውም ቶርኖ ቤት ራሱ ሊሠራው ይችላል፤ ገጹ ንጹሕና ለስላሳ ይሁን፤ በመካከል የገባች አንዲት ፍቅፋቂ ድካሙን ሁሉ ታበላሸዋለች።

ኢንሰርቱን በተመለከተ 0.8 ከሆነው የአፍንጫ ራዲየስ (የስለቱ ጫፍ ክብነት) ይልቅ 0.4 ሚሊሜትር የሆነውን ይምረጡ፤ የአቆራረጥ ጥልቀቱም ከአፍንጫው ራዲየስ አይነስ። ከዚያ ካነሰ ኃይሉ ባሩን ወደ ጎን ይገፋዋል። ንዝረት ሲሰማ ፊዱን (መሣሪያው በየዙሩ የሚራመደውን ርቀት) መቀነስ የብዙዎቻችን የመጀመሪያ ሩጫ ነው፤ አንዳንዴ ግን ፊዱን በጥቂቱ መጨመር ነው ጩኸቱን የሚያቆመው፤ ስለቱ መፋቁን ትቶ በትክክል መቁረጥ ይጀምራልና።

ለጤና ጉዳት አለው?

ብረቱ ላይ የተጣበቀ ሽፋን ዱቄት አይደለም፤ በመያዝ የሚተርፍ ጉዳት አይጠበቅም። ሥጋቱ ሲሞረድ ነው፤ እዚያም ላይ ቢሆን ከሽፋኑ ይልቅ የሚያሳስበኝ የካርባይዱ ብናኝ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ኮባልት ከተንግስተን ካርባይድ ጋር ሲሆን በሰው ላይ ካንሰር ሊያስከትል እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ምደባ አስፍሯል። ካርባይድ የሚሞርድ ሁሉ ተገቢ የአፍንጫ መከለያ ያድርግ፤ ብናኙ በመምጠጫ ይወገድ፤ ወለሉም በደረቅ መጥረጊያ አይጠረግ።

ለመመረቂያ ሥራዬ ልመርጠው አስባለሁ። ሽፋኑ ሳይኖረኝ ምን ልለካ እችላለሁ?

መጋጠሚያውን። አንድ ባር፣ አንድ ቶርኖ፣ ጫፉ ላይ የሚለጠፍ የንዝረት መለኪያና ትንሽ መዶሻ ይበቃሉ። ባሩን በሁለት ብሎን አስረው ጫፉን በመዶሻ መታ ያድርጉና ንዝረቱ በየዑደቱ በምን ያህል እንደሚከስም ይመዝግቡ፤ ከዚያ የማርገብ ምጥነቱን ያወጡታል። ያንኑ በተሰነጠቀ ቡሽ ይድገሙ፤ ከዚያ የብሎኑን ጥብቀት እየለዋወጡ፣ ከዚያ በቡሹና በባሩ መካከል ስስ የመዳብ ቆርቆሮ አስገብተው። ብሎኑ ሲጠብቅ ግትርነቱ ሲጨምር የማርገብ አቅሙ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል፤ የሁለቱ ብዜት የት ላይ ከፍ እንደሚል ራስዎ በግራፍ ያገኙታል። ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ሁኔታ ጥልቀቱን በ0.1 ሚሊሜትር እየጨመሩ ይቁረጡና ጩኸቱ የሚጀምርበትን ነጥብ ይመዝግቡ። ግራፉና የቶርኖው ድምፅ ካልተስማሙ በመጀመሪያ የሚመረመረው የኢንሰርቱ ስለት ነው፤ ደንዝዞ ከሆነ ይቀይሩትና ልኬቱን እንደገና ይውሰዱ።